የሚያቃጥለው ፕላስተር

(ወሎ፣ በአንድ የከተማ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል፣ ጠዋት፤ ጉንጯ ላይ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል የወጣባት የአሥራ ስድስት ዓመቷ ራውዳ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ የአዲሱን የቁንጭር ፕላስተር ጥናት የሚመሩት ዶክተር ውድነሽ በሩን ዘግተው ቆመዋል።)

ራውዳ፦ ቀየርኩ እንጂ አልሰረቅኩም! ሲስተር ሙሉ ለምን እንደዛ እንደጮኸች አልገባኝም፣ ወላሂ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ እሷ ጮኸች? ኮሪደሩን በእልልታ ያናወጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ራውዳ፦ ታዲያ እልል አልልም? አጠገቤ የምትተኛዋ የዘምዘም ፋሻ ሲነሳ አላዩማ! አፍንጫዋ ደርቋል እኮ ዶክተር! ያ እንደ ቲማቲም ቀልቶ የሚያዥ ነገር ቅርፊት ይዟል! ከቅርፊቱ ጎን ደግሞ አዲስ ቆዳ፣ የሕፃን ልጅ ቆዳ የመሰለ… ወይኔ! ደስ ሲለኝ ከአፌ ወጣ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ምን ተብሎ ነው የወጣው? ድገሚልኝ እስኪ።

ራውዳ፦ «የኔ ፕላስተር ነው ያዳናት!»… ተብሎ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያንቺ ፕላስተር የሷ አፍንጫ ላይ ምን ይሰራል?

ራውዳ፦ እሱማ… ያድናል።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ራውዳ! ቀልድ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ ነው? እንዴት አርገሽ? ማን አለበት?

ራውዳ፦ እኔ ብቻ ነኝ። ዘምዘም አታውቅም፣ እናቴ ትሙት። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ፕላስተር በካርቶን ትሰጡን የለ? ከዛ መርፌ እንወጋና ሁላችንም የታካሚዎች ማረፊያ ቤት ሄደን ድፍት እንላለን፣ መርፌው ያደቃል። እሷ እስክታንኮራፋ እጠብቃለሁ። ካንኮራፋች የኔን ፕላስተሮች ወደሷ ካርቶን፣ የሷን ወደኔ ካርቶን። ካርቶኑን አልነካውም፣ ላዩ ላይ ቁጥራችን ስላለ ሲስተር ሙሉ ታውቃላ። የውስጡን ብቻ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ ጭራሽ ታስቦበት ነው!

ራውዳ፦ አዎ፣ በደንብ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ እያመሰገንኩሽ እኮ አይደለም! በየሰኞው ነው ያደረግሽው?

ራውዳ፦ ካለፉት ሦስት ሰኞዎች ወዲህ ብቻ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ «ብቻ» ትላለች። ያ ጌታ! ካርቶኖቹ አሁን የት ናቸው?

ራውዳ፦ ማረፊያ ቤት። አልጋ ስር።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያ እንደ ሕፃን ያቀፍሽው ቦርሳስ?

ራውዳ፦ ልብስ ነው። የታጠበ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ መጀመሪያ ቀን ሰብስቤ አላስረዳኋችሁም? እዛ አዳራሽ ውስጥ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ? «ማን የትኛውን ፕላስተር እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው» አላልኩም?

ራውዳ፦ አሉ እንጂ! ዕጣ ስላሉ እኮ ነው እኔም የቀየርኩት!

ዶ/ር ውድነሽ፦ እንዴት?

ራውዳ፦ እናቴ እቁብ አላት አይደል። ክረምት ላይ ዕጣው ለሷ ወጣ። እናቴ ምን አለች? «የከድጃ ጣሪያ ወርዷል፣ ልጆቿ ዝናብ እየመታቸው ነው፣ ለሷ ይሁን፣ እኔ የሷን ተራ እጠብቃለሁ።» ሰዉ ሁሉ ተነስቶ መረቃት! እንደርስዎ በር ዘግቶ የተቆጣት የለም። ዕጣ የወጣለት ለባሰበት ይለቃል፣ በቃ፣ እንደዛ ነው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ይሄ እቁብ አይደለም!

ራውዳ፦ ታዲያ ለምን ዕጣ አሉን? ዕጣ ሲባል እኛ የምናውቀው እቁብ ነው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ምን ልበል ነበር?

ራውዳ፦ እኔ ምን አውቄ። እርስዎ ነዎት የተማሩት።

ዶ/ር ውድነሽ፦ እሺ። እሺ፣ ስሚኝ። የእቁብ ዕጣ ለሰው ነው። ይሄኛው ዕጣ ለሰው አይደለም፣ ለጥያቄው ነው።

ራውዳ፦ ጥያቄው ደግሞ ማነው?

ዶ/ር ውድነሽ፦ «ፕላስተሩ ይሰራል ወይስ አይሰራም?» የሚለው ነዋ! መርፌውን ሁላችሁም ትወጋላችሁ። ፕላስተሩን ደግሞ ሁላችሁም ትለጥፋላችሁ። ግን የግማሾቻችሁ መድኃኒት አለው፣ የግማሾቻችሁ ባዶ ነው። መልኩ አንድ ነው፣ እነዛ ትንንሽ…

ራውዳ፦ ትንንሽ መርፌዎቹ! ከፀጉር የቀጠኑት! ቆዳ ውስጥ ገብተው እንደ ስኳር ሟሙተው የሚቀሩት! እሱን ለማረፊያ ቤቱ ሴቶች ሁሉ ያስረዳሁት እኔ ነኝ እኮ። መጀመሪያ «መርፌ ሟሟ» ስላቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሲነግሩን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ወላሂ፣ ማን አሰበው? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ለምን የሚሟሟ መርፌ አንሰራም?» አለ ማለት ነው?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ራውዳ፣ ወደ ነገራችን። አንቺ ደግ ነሽ እንበል…

ራውዳ፦ ነኝ እንጂ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ …ደግ ሰው ሁሉ መድኃኒት ያለበት የመሰለውን ለባሰበት እየሰጠ ቢሄድ ምን ይሆናል? ከባድ ከባድ ቁስል ያለባቸው በሙሉ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። ቀለል ያለባቸው ሌላ ጎን። መጨረሻ ላይ ስናይ ባዶውን የለጠፉት ቶሎ ድነዋል፣ መድኃኒት ያለበትን የለጠፉት ገና ናቸው። «ይሄ ፕላስተር አይረባም» እንላለን። ደህናውን ነገር እንጥለዋለን። በማን? በደግ ሰው!

ራውዳ፦ …እንዴ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ አዎ፣ እንዴ።

ራውዳ፦ እሱን አዳራሽ ውስጥ አላሉንም።

ዶ/ር ውድነሽ፦ «አትቀያየሩ» አልኩ እኮ!

ራውዳ፦ «አትቀያየሩ» አሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላሉም። እኔ ካርቶን እንዳይጠፋ ነው የመሰለኝ። ደሞ እኔ እኮ የሰጠኋት ባዶውን አይደለም። መድኃኒት ያለበትን ነው የሰጠኋት።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያንቺው መድኃኒት እንዳለበት በምን አወቅሽ?

ራውዳ፦ ያቃጥላላ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ ምኑ?

ራውዳ፦ ፕላስተሩ። ስለጥፈው ጉንጬን እንደ ሚጥሚጣ ያነደኛል፣ ከዛ ቀስ እያለ ይበርዳል። ዘምዘምን «ያቃጥልሻል?» አልኳት፣ ራሷን ወዘወዘች። በቃ ገባኝ። የሚያድን ነገር ያቃጥላል። አዮዲን ያቃጥላል፣ ሎሚ ያቃጥላል፣ ፌጦ ያቃጥላል…

ዶ/ር ውድነሽ፦ ፌጦ! ራውዳ፣ ፌጦ አስነክቼዋለሁ እንዳትዪኝ ብቻ!

ራውዳ፦ ኧረ ወላሂ አላስነካሁትም! እናቴ ልካልኝ ነበር፣ ለሲስተር ሙሉ ሰጠኋት፣ ለጉንፋኗ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ እሰይ። ሙጫው እኮ ያቃጥላል። ቆዳሽ ስስ ከሆነም ያቃጥላል። ባዶውም ሊያቃጥል ይችላል።

ራውዳ፦ እንግዲያው ይንገሩኛ! የትኛው ነው መድኃኒት ያለው? የኔ ነው የሷ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ አላውቅም።

ራውዳ፦ እየደበቁኝ ነው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ አላውቅም እኮ ነው የምልሽ።

ራውዳ፦ ዶክተር ሆነው?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ዶክተር ስለሆንኩ ነው የማላውቀው።

ራውዳ፦ ሲስተር ሙሉስ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ አታውቅም።

ራውዳ፦ ያ መነጽር ያለው፣ ቁስላችንን ፎቶ የሚያነሳውስ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር ነው የሚያውቀው።

ራውዳ፦ ኮምፒውተር? እሱን ከኛ አፍንጫ ጋር ምን አገናኘው! ይደውሉለታ!

ዶ/ር ውድነሽ፦ አይደወልለትም። ጥናቱ ሲያልቅ ነው የሚከፈተው። አሁን ባውቅ ዓይኔ ያዳላል። ቁስልሽን ስለካ «ይሄማ መድኃኒት አለው» ብዬ ሳይታወቀኝ አሳንሼ እለካዋለሁ።

ራውዳ፦ እርስዎ ያዳላሉ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ማንም ያዳላል። እኔም።

ራውዳ፦ እኔማ እርስዎ እያወቁ የሚደብቁን ነበር የመሰለኝ። ማታ ማታ ማረፊያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሴቶቹ ሁሉ ወሬ እሱ ነው። «ዶክተሯ ለእንትና ስትስቅ አይታችኋል? የሷ መድኃኒት አለው ማለት ነው» እንላለን።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ከዛሬ ጀምሮ መሳቅም ሊቀርብኝ ነው። ግን እንዴት ነው አንቺ ይሄ የጠፋብሽ? በሽታውን ሳስረዳ አንደኛ የገባሽ አንቺ ነሽ እኮ!

ራውዳ፦ እሱንማ በቃሌ ነው የያዝኩት! እኛ አገር «የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው» ይላሉ። ኧረ የምን የሌሊት ወፍ! የአሸዋ ዝንብ ናት። ምንም አታክልም። ነክሳ ተውሳኩን ታስገባለች። የሰውነታችን ዘበኛ «ሌባ!» ብሎ ሮጦ ይውጠዋል። ሊገድለው ነው ሲባል ተውሳኩ እዛው ዘበኛው ሆድ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ይራባል! ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሌባ ይፈልጋል፣ ሌባው ሆዱ ውስጥ! ይሄን ስሰማ እንዴት እንደተናደድኩ! እንዴት እንደወደድኩት ደግሞ! ክንዳችን ላይ የምንወጋው መርፌ መላ ሰውነታችንን ዞሮ ፊታችን ጋ ሲደርስ ይደክማል፣ ፕላስተሩ ግን ቀጥታ ዘበኛው ደጃፍ ይገባል። አይደለም እንዴ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ነው። ይገባል ብለን ነው ተስፋ የምናደርገው። ግን ተስፋ አይበቃም፣ መለካት አለበት። በስንት ልመና የተጀመረ ጥናት ነው መሰለሽ! ስለ ቁንጭር ሳወራ «አይገድልም እኮ» ይሉኛል። አይገድልም! ከእናንተ መሃል ፊቷን በሻሽ የምትሸፍነውን ልጅ አምጥቼ ላሳያቸው ነበር የሚያምረኝ። የምንወጋችሁ መርፌ እናቴ ሳትወለድ የነበረ ነው። አሁን አዲስ ነገር እጃችን ላይ ገባ ስል፣ ሰኞ ሰኞ አልጋ ስር እቁብ ይጣላል!

ራውዳ፦ …ይቅርታ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ሁለታችሁም ከጥናቱ ትወጣላችሁ።

ራውዳ፦ እንዴ! ሁለታችን? እኔን በሉኝ እንጂ! እሷ ምን አደረገች? ሰው ተኝቶ ምን ያጠፋል?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ጥፋት አይደለም የምለካው ራውዳ፣ ቁስል ነው። የለጠፈችው የሷን አይደለም፣ ስለዚህ የሷ ውጤት አይቆጠርም። ማረፊያ ቤቱ ደግሞ የጥናቱ ነው፣ አልጋ የሚጠብቁ አሉ። መርፌዋን ማንም አይከለክላትም፣ አገሯ ባለው ጤና ጣቢያ ትጨርሳለች።

ራውዳ፦ የትኛው ጤና ጣቢያ? የነሱ ጤና ጣቢያ ፓናዶል ካለው ሠርግ ነው! ዶክተር፣ እርስዎ አያውቁም። ሐሙስ አጎቷ ይመጣል። «ካልሆነ እዛ ሰውዬ ጋ እወስዳታለሁ» ብሎ ነው የሄደው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ የቱ ሰውዬ?

ራውዳ፦ ብረት አግሎ የሚተኩሰው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ አፍንጫዋን?

ራውዳ፦ አፍንጫዋን! ሻሼን ላውርድልዎት፣ ይዩ። ይሄ ከጆሮዬ ስር ያለው ምን መስሎዎት ነበር? እሱው ነው የተኮሰኝ። ቁንጭሩ መጀመሪያ ሳንቲም አያክልም ነበር። ይሄን ያህል ያሰፋው ብረቱ ነው። አራት ሰው ይዞኝ… ከዛ ደግሞ ቁንጭሩ ዞር ብሎ ጉንጬ ላይ ብቅ አለ፣ የሳቀብኝ ይመስል።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ይሄን ለምን አልነገርሽንም? ስትገቢ ተጠይቀሻል እኮ።

ራውዳ፦ «ከዚህ በፊት ሕክምና ወስደሻል?» ነው ያላችሁኝ። እሱ ሕክምና ነው እንዴ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ …አይደለም።

ራውዳ፦ የኔ ጉንጭ ነው፣ ፀጉሬን ወደዚህ ሳደርገው ይሸፈናል፣ ያምርብኛልም ይሉኛል። አፍንጫ ከተተኮሰ ምን ይሸፍነዋል? ለዛ ነው። የሚያቃጥለው ፕላስተር እኔ ጋ እያለ፣ እሷ እዚህ አጠገቤ ተኝታ፣ ሐሙስ እየቀረበ… እርስዎ ቢሆኑ አይቀይሩም ነበር?

ዶ/ር ውድነሽ፦ እኔን አትጠይቂኝ።

ራውዳ፦ ይቀይሩ ነበር!

ዶ/ር ውድነሽ፦ አትጠይቂኝ አልኩሽ! ለምን ለሷ አልነገርሻትም? በግልጽ «እንኪ» አትያትም ነበር?

ራውዳ፦ ዘምዘምን? አያውቋትማ! ስሟ ዘምዘም፣ ሥራዋ ዝም ዝም። መርፌ ስትወጋ እንኳ እኔ ጣሪያ እነካለሁ፣ እሷ ትንፍሽ አትልም። ጠዋት እንቁላላችን ሲመጣ የሷን ወደኔ ትገፋዋለች። «በላሁ» ትላለች፣ ሳትበላ። መልሼ ስገፋላት መልሳ ትገፋዋለች፣ እንቁላሉ ጠረጴዛ ላይ ሲመላለስ ይቀዘቅዛል። እንደዚች ያለችን ልጅ «ደህናውን ፕላስተር እንኪ» ብላት ትቀበለኛለች? ሞታ ነው! ተደብቄ ካልሆነ አይሆንም።

ዶ/ር ውድነሽ፦ እኔ ደግሞ ዛሬውኑ የሆነውን ማሳወቅ አለብኝ።

ራውዳ፦ አያሳውቁ! ማን ያውቃል? እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ሲስተር ሙሉስ?

ራውዳ፦ እሷ ትወደኛለች። ፌጦውም ጠቅሟታል።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ልዋሽ ነው የምትዪኝ?

ራውዳ፦ መዋሸት አይደለም፣ ዝም ማለት ነው። ዘምዘም ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ማን ውሸታም አላት?

ዶ/ር ውድነሽ፦ እኔ ዝም ብል ግን ይሄ ፕላስተር በተሳሳተ ውጤት ስንት አፍንጫ ላይ እንደሚለጠፍ ታውቂያለሽ? ወይ ደግሞ ስንት አፍንጫ ላይ ሳይለጠፍ እንደሚቀር? እነሱም ሁሉም አጎት አላቸው ራውዳ። ሁሉም ሰፈር ብረት የሚያግል አለ።

ራውዳ፦ …እሱን አላሰብኩትም።

ዶ/ር ውድነሽ፦ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቀየርሽ በኋላ ጉንጭሽ እንዴት ሆነ? የሷን ስትለጥፊ?

ራውዳ፦ ያው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያው ማለት?

ራውዳ፦ ያቃጥለኛል። እንደ ድሮው፣ እንደ ሚጥሚጣ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ የሷ አያቃጥልም አላልሽኝም?

ራውዳ፦ እኔም ገርሞኝ ነበር! መጀመሪያ፣ ተደብቄ ስለነካሁ አላህ ቀጣኝ አልኩ። በኋላ ደግሞ፣ ለካ ሲያቃጥላት ኖሮ ዝም ብላ ነው አልኩ። እሷ እኮ እሳት ላይ ብትቆም «ትንሽ ሞቀኝ» ነው የምትለው።

ዶ/ር ውድነሽ፦ አየሽ? ሁለቱም ካቃጠለሽ ማቃጠሉ ምንም ማለት አይደለም። ያ ሁሉ ጣጣ በባዶ ሜዳ ነው!

ራውዳ፦ ወይስ ሁለታችንም ጋ መድኃኒት አለ ማለት ነው?

ዶ/ር ውድነሽ፦ አላውቅም ማለት ነው! ስንቴ ልበልሽ? አላውቅም! እኔም እኮ ያቺ አፍንጫ ስትደርቅ እልል ማለት አምሮኛል። ግን አፌን ይዤ፣ ፊቴን እንጨት አስመስዬ መለካት አለብኝ። ቀላል መሰለሽ?

ራውዳ፦ አይቆጡ በቃ… እንኩ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ምንድን ነው?

ራውዳ፦ ቦርሳው። ልብስ አይደለም፣ ካርቶኖቹ ናቸው። ሁለቱም። ልታስጠሩኝ እንደሆነ ሲገባኝ ሮጬ የሷንም ከአልጋዋ ስር አነሳሁት፣ እንዳትወስዱባት ብዬ። አሁን ይውሰዱት። ያሳውቁ፣ ስሜንም ይጻፉ፣ «ራውዳ የምትባል ለፍላፊ ነች ያበላሸችው» ይበሉ። እኔ ዛሬውኑ አገሬ እገባለሁ፣ ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም። ዘምዘምን ብቻ እስክትድን አልጋውን ይተዉላት። አትቁጠሯት፣ ግን አታስወጧት። ከፈለጋችሁ እኔ የተኛሁበት ላይ ተራ የሚጠብቀው ይግባ፣ ሁለት አልጋ እንዳይባክንባችሁ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ተቀመጪ። አታልቅሺ፣ ፕላስተሩ ይረጥባል።

ራውዳ፦ ይርጠብ! የኔ አይደል!

ዶ/ር ውድነሽ፦ ተቀመጪ አልኩሽ። ቁጥርሽ ስንት ነው?

ራውዳ፦ ሠላሳ አንድ። ዘምዘም ሠላሳ ሁለት።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ይሄ ሠላሳ አንድ የሚለው ያንቺ ካርቶን ነው። ውስጡ ያለው ግን…

ራውዳ፦ የሷ ነው። የለጠፍኳቸው ማሸጊያም እዛው አለ፣ መልሱ ስላላችሁን።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ማሸጊያውን አገላብጠሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?

ራውዳ፦ ቀድጄ ካርቶኑ ውስጥ እወረውረዋለሁ እንጂ ምኑን አየዋለሁ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ጀርባው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። አንብቢልኝ፣ መነጽሬን አላመጣሁም።

ራውዳ፦ እሺ… ሠላሳ አንድ ይላል።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ሌላውን።

ራውዳ፦ ሠላሳ አንድ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያልተቀደደውንስ?

ራውዳ፦ ሠላሳ አንድ… ይሄም ሠላሳ አንድ። እንዴ! ቆይ፣ ቆይ፣ ካርቶን ተሳስቻለሁ መሰለኝ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ የዘምዘምን ክፈቺው።

ራውዳ፦ ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት! ዶክተር፣ በዚህ በእጄ ነው እኮ የቀየርኩት! እናቴ ትሙት! አብጃለሁ እንዴ?

ዶ/ር ውድነሽ፦ ያለፉት ሳምንታት ማሸጊያዎች በየከረጢታቸው እዚህ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ያዢልኝ ይሄን። ያለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ያንቺ ከረጢት… ምን ይላል?

ራውዳ፦ ሠላሳ አንድ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ከዛ በፊት ያለውስ?

ራውዳ፦ እሱም። የሷም ሁሉም ሠላሳ ሁለት ነው። አንድም የተቀየረ የለም! እና እኔ ሦስት ሰኞ ሙሉ በእግሬ ጣት እየሄድኩ፣ ምንድን ነበር የምሰራው?

ዶ/ር ውድነሽ፦ እኔ እንጃ! ብቻ ይሄን ሁሉ አሳውቃለሁ፣ እንደሆነው፣ አንዱንም ሳልደብቅ። ፌጦውን ጭምር። ግን የራሱን ፕላስተር የለጠፈን ሰው ምን ብዬ አስወጣዋለሁ?

ራውዳ፦ አንወጣም? ዘምዘምም አትወጣም?

ዶ/ር ውድነሽ፦ እልል እንዳትዪ! አፍሽን ያዢ! …ሐሙስ አጎቷ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ጋ አምጪልኝ።

ራውዳ፦ በክንዱ ይዤ ነው የማመጣልዎት! ግን ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀይሬዋለሁ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ አምኜሻለሁ። አንቺ ቀየርሽው። የመለሰው ማን ነው?

ራውዳ፦ ማን ሊመልሰው ይችላል! ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፣ እሷ ደግሞ ተኝታ ነበር። በጆሮዬ ነው የሰማኋት፣ ስታንኮራፋ።

ዶ/ር ውድነሽ፦ ሌላ ጊዜስ ታንኮራፋለች?

ራውዳ፦ ኧረ ምን ታንኮራፋለች! ስትተኛ ትንፋሿ ራሱ አይሰማም፣ አንዳንዴ ፈርቼ እጄን አፍንጫዋ ስር አደርጋለሁ። ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው… ሰኞ… ዶክተር፣ ያቺ ልጅ እኮ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የምታንኮራፋው!